ስልክ ቁጥራችሁ ፓስወርድ አይሁን

ባለፈው እሁድ አጎቴ ቤት ምሳ ተጠርቼ ሄድኩ፣ ገና እጄን ሳልታጠብ ጋሼ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ቤተሰብ ውስጥ "ኮምፒውተር የተማረው ልጅ" እኔ ስለሆንኩ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ስልክ ይሰጠኛል፣ ለምጄዋለሁ። ፌስቡክ አልገባም ብሏቸው ነው። "ጋሼ ፓስወርዱ ምንድነው?" ስላቸው ሰው በሞላበት ሳሎን ድምፃቸውን ከፍ አርገው "ስልክ ቁጥሬ ነዋ፣ ሌላ ምን ሊሆን ነው!" አሉኝ። የኢሜሉስ? ስልክ ቁጥራቸው። የቴሌብሩስ? "እሱንማ ለየት አርጌዋለሁ" አሉ ኮራ ብለው፣ የተወለዱበት ዓመት ሆኖ ኋላው ላይ ሁለት ዜሮ።

መሳቅ አልቻልኩም ምክንያቱም እዛ ሳሎን ውስጥ ከነበርነው የግማሹን ሰው ፓስወርድ ሳልጠይቅ እገምተዋለሁ፣ የልጅ ስምና 123፣ ስልክ ቁጥር፣ የሚሳሉለት ታቦት ስም፣ ጎረምሶቹ ደሞ የእንግሊዝ ቡድናቸው። እና ከሰዓቱን ሙሉ ከጋሼ ጋር ቁጭ ብለን አንድ ባንድ ስናስተካክል ዋልን፣ እዚህ የምጽፍላችሁ ያንን ነው፣ በየመሀሉ ሌላ ሰው ላይ ያየሁትንም እጨምርበታለሁ።

ቅድሚያ ፓስወርድ እንዴት እንደሚጠፋ ካልገባን ሚከተለው ሁሉ ጣጣ ብቻ ነው ሚመስለው። ብዙ ሰው ሀከር ሲባል ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሱን ስም እያየ ፓስወርድ ሚሞክር ሰው ይታየዋል፣ ከዛ "እኔን ማን ይፈልገኛል፣ ምን አለኝና" ይላል። እውነት ነው፣ ማንም ለይቶ አይፈልገውም። ሚሆነው ሌላ ነው። የሆነ ጊዜ ለጌም ወይ ለሥራ ማስታወቂያ ወይ ፊልም ለማውረድ ብላችሁ የሆነ ሳይት ላይ በኢሜላችሁ ተመዝግባችኋል፣ ረስታችሁታል፣ ያ ሳይት ይሰበርና የደንበኞቹ ኢሜልና ፓስወርድ ይወጣል፣ ዝርዝሩን ያገኘው ሰው ያንኑ ኢሜልና ያንኑ ፓስወርድ ጂሜል ላይ፣ ፌስቡክ ላይ፣ ኢንስታግራም ላይ በጅምላ ያስሞክራል። ሚሞክረው ማሽን ነው፣ ማሽን ደሞ ድሃ ሀብታም አይልም።

በፈረንጆቹ 2009 ሮክዩ ሚባል ለፌስቡክና ለማይስፔስ ትናንሽ አፕ ይሰራ የነበረ የአሜሪካ ካምፓኒ ሲሰበር የ32 ሚሊዮን አካውንት ፓስወርድ ምንም ሳይሸፈን፣ ማለት ማንም ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ፣ እንዳለ ወጣ። ሲቆጠር አንደኛ የሆነው 123456 ነበር፣ ወደ 290 ሺህ ጊዜ። ያ ዝርዝር እስከዛሬ ፓስወርድ ለመስበር መጀመሪያ ከሚሞከሩት አንዱ ነው። ሊንክድኢን በ2012 ሲጠለፍ መጀመሪያ 6.5 ሚሊዮን ተባለ፣ አራት ዓመት ቆይቶ ከ100 ሚሊዮን በላይ መሆኑ ታወቀ፣ ማለት ያን ያህል ሰው ፓስወርዱ ሌላ ሰው እጅ እንዳለ ሳያውቅ ከርሟል። ድሮፕቦክስ ደሞ በዛው ዓመት አንድ ሰራተኛው ሌላ ቦታ የተሰረቀበት ፓስወርድ ሥራው ላይም ያው ስለነበረ በሱ በኩል ተገባበት። የቴክኖሎጂ ካምፓኒ ሰራተኛ እንዲህ ካረገ እኔ ጋሼን ምን ብዬ ልቆጣቸው?

የናንተ ወጥቶ እንደሆነ ማየት ከፈለጋችሁ ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ ሚባል ሳይት አለ፣ ትሮይ ሃንት ሚባል አውስትራሊያዊ በ2013 የከፈተው ነው፣ በነፃ ነው፣ ኢሜላችሁን ብቻ ታስገባላችሁ፣ የትኛው ሳይት ሲሰበር የናንተ አብሮ እንደወጣ ይነግራችኋል። ኢሜል ብቻ ነው ያልኩት፣ ፓስወርድህን አስገባና ልይልህ ሚል ሌላ ሳይት ካጋጠማችሁ ዝግት አርጋችሁ ውጡ። የኔን ሳስገባ በተማሪነቴ የተመዘገብኩበት ሁሉ ተደርድሮ መጣ፣ አንዳንዱን ስሙን ራሱ ረስቼው ነበር።

እሺ ከየት እንጀምር? ብዙ ሰው ባንክ ወይ ቴሌግራም ይላል፣ እኔ ግን ሁሌ ከኢሜል ነው ምጀምረው። ኢሜል ማለት የቤቱ ቁልፍ ሁሉ ተንጠልጥሎበት ያለ ሚስማር ነው። ፌስቡክ ፓስወርድ ስትረሱ "ፎርጌት ፓስወርድ" ስትሉ ሊንኩ ሚላከው ወዴት ነው? ኢሜል ነው። ስለዚህ ኢሜላችሁ ውስጥ የገባ ሰው የሌላውን ፓስወርድ ማወቅ አያስፈልገውም፣ አንድ ባንድ ፎርጌት እያለ ሁሉንም በራሱ ይቀይረዋል፣ እናንተ ውጪ ትቀራላችሁ።

የኛ ሀገር ችግር ደሞ እዚህ ጋ ነው፣ ኢሜላችንን ብዙዎቻችን ራሳችን አልከፈትነውም። የአክስቴ ልጅ ዲቪ ስትሞላ ኢሜሉን የከፈተላት አንድ ኢንተርኔት ቤት ያለ ልጅ ነው፣ ፓስወርዱንም እሱ አወጣላት፣ ብጣሽ ወረቀት ላይ ስሟንና 1234 ጽፎ ሰጣት፣ እሷ ወረቀቱን ቦርሳ ውስጥ ከታ ኖረች። ሪከቨሪ ስልኩን፣ ማለት ፓስወርድ ሲጠፋ ኮድ ሚላክበትን ቁጥር፣ ገብቼ ሳየው የሷ አይደለም፣ የልጁ ነው! ክፉ ነው አላልኩም፣ በቀን ስንት ሰው እየከፈተ የያንዳንዱን ስልክ ኮድ እስኪመጣ ከመጠበቅ የራሱን ማስገባት ቀሎት ይሆናል። ግን አስቡት፣ ዲቪ ውጤቱ ሚታየው በኮንፈርሜሽን ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ከጠፋ መልሶ ለማውጣት ከሚጠየቀው አንዱ ስትሞሉ ያስገባችሁት ኢሜል ነው፣ ስምና የልደት ቀን እንደሆነ ልጁ ራሱ ነው የሞላላት። እና ሁሉም ነገር እሱ ጋ አለ ማለት ነው። ለሥራ ማመልከቻ፣ ለፓስፖርት፣ ለዩኒቨርሲቲ በሰው እጅ ኢሜል ያስከፈታችሁ ሁሉ አሁኑኑ ግቡና እዩት።

አገባቡ እንዲህ ነው። ጂሜል ትከፍቱና ከላይ በቀኝ ያለችውን ክብ ፎቶ ትነካላችሁ፣ ማኔጅ ዩር ጎግል አካውንት ትሉና ሴኩሪቲ ሚለው ውስጥ ትገባላችሁ። እዛ መጀመሪያ ሪከቨሪ ፎንና ሪከቨሪ ኢሜል ሚሉትን እዩ፣ የማታውቁት ቁጥር ካለ አጥፍታችሁ የራሳችሁን አስገቡ። ከዛ ወደ ታች ወረድ ስትሉ ዩር ዲቫይስስ ሚል አለ፣ አካውንታችሁ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች ዝርዝር ነው፣ የኢንተርኔት ቤቱ ኮምፒውተር፣ የሸጣችሁት ስልክ፣ የድሮ ጓደኛችሁ ላፕቶፕ እዛ ተሰልፎ ታገኙታላችሁ፣ ሳይን አውት በሉት። በመጨረሻ ፓስወርዱን ቀይሩ። ቅደም ተከተሉን ብዙ ሰው ይገለብጠዋል፣ ፓስወርዱን ቀይሮ የሌላውን ሰው ስልክ ቁጥር እዛው ይተወዋል፣ ያ ማለት የፊት በሩን ቁልፍ ቀይሮ ጓሮ በሩን ክፍት እንደመተው ነው፣ ባለቁጥሩ ኮድ አስልኮ ተመልሶ ይገባል።

ዓረብ ሀገር ያላችሁ እህቶቼ ደሞ ይቺን ልብ በሉልኝ። ሳዑዲ ወይ ዱባይ ወይ ቤሩት እያላችሁ አካውንታችሁን ሁሉ በዛው ሀገር ሲም ነው ምትከፍቱት፣ ኮንትራት ጨርሳችሁ ወይ በድንገት ስትመለሱ ሲሙ ይሞታል፣ ከጊዜ በኋላ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሸጣል፣ የናንተ ኮድ እሱ ስልክ ላይ መግባት ይጀምራል። ቦሌ ደርሳችሁ ስልካችሁ ቢሰበር ወይ ቢሰረቅ በቃ የስንት ዓመት ፎቶና ቻት አለቀለት። ስለዚህ ሻንጣ ከማሰራችሁ በፊት፣ ሲሙ እየሰራ እያለ ገብታችሁ ቁጥሩን በኢትዮጵያ ቁጥር ቀይሩ፣ የራሳችሁ ከሌለ ለጊዜው የእናታችሁ ወይ የእህታችሁ ይሁን። የማዳም ልጆች ታብሌት ላይ ከፍታችሁ የነበረውንም ከዲቫይስስ ውስጥ አውጡት።

አሁን ፓስወርዱን እናውጣ። ጋሼ "ከባድ አርጌ ላውጣ" ሲሉኝ ስማቸውን ጽፈው ኤ የምትለዋን በኤት ምልክት፣ ኦን በዜሮ ቀየሩና አሳዩኝ። ይሄ ብልጠት ድሮ የተበላ ነው፣ ሚሰብረው ፕሮግራም መጀመሪያ ሚሞክረው እሱን ነው። ለነገሩ የጋሼ ጥፋት አይደለም፣ እንዲህ አርጉ ብለው ያስተማሩን እነሱ ናቸው። ኒስት ሚባለው የአሜሪካ ስታንዳርድ መስሪያ ቤት ውስጥ ይሰራ የነበረ ቢል በር ሚባል ሰው በ2003 ያወጣው መመሪያ ነው ካፒታል አስገቡ፣ ቁጥር ጨምሩ፣ ምልክት ጨምሩ፣ በየጊዜው ቀይሩ ሚለውን ዓለም ላይ የበተነው፣ ሰውየው ጡረታ ከወጣ በኋላ በ2017 ለዎል ስትሪት ጆርናል ካረገው ብዙው እንደሚጸጽተው ተናገረ። በዛው ዓመት ኒስትም መመሪያውን ገለበጠው፣ ካልወጣ ወይ ካልተነካ በየጊዜው አታስቀይሩ፣ ርዝመት ላይ አተኩሩ አለ። ብዙ መስሪያ ቤት ግን ዛሬም በየሶስት ወሩ ቀይር ይላል፣ ሰዉም መጨረሻ ላይ ያለችውን 1 ወደ 2፣ 2ን ወደ 3 እያረገ ዓመቱን ይጨርሳል።

ርዝመት ለምን? ሂሳቡን እዩት። ስልክ ቁጥር 09 ሲጀምር ሚቀረው ስምንት አሃዝ ነው፣ 100 ሚሊዮን ዓይነት ነው ሊሆን ሚችለው፣ ትልቅ ይመስላል ግን ጥሩ ጌም ሚያጫውት ኮምፒውተር በደንብ ያልተሸፈነ ፓስወርድ በሰከንድ በቢሊዮን ነው ሚሞክረው፣ ዓይናችሁን ሳታርገበግቡ ያልቃል። ስምንት ትናንሽ የላቲን ፊደል ወደ 209 ቢሊዮን ነው፣ እሱም ቡና አይፈላበትም። እጣ ወጥቶላቸው የተደረደሩ አምስት ቃላት ግን፣ ከ7,776 ቃላት ዝርዝር ከሆኑ፣ 28 ተብሎ አስራ ስምንት ዜሮ ይከተለዋል።

ይሄ 7,776 ከየት መጣ ካላችሁ፣ አርኖልድ ራይንሆልድ ሚባል ሰው በ1995 ዳይስዌር ብሎ ያወጣው ዘዴ ነው፣ ዳይስ አምስት ጊዜ ትወረውራላችሁ፣ የወጣው አምስት አሃዝ ዝርዝሩ ላይ አንድ ቃል ይሰጣችኋል፣ አምስት ጊዜ ደጋግማችሁ አምስት ቃል። እኛ ጋ ዳይስ አልነበረም፣ የእንግሊዝኛ ቃል ዝርዝርም ለጋሼ አይሆንም፣ ስለዚህ መደርደሪያ ላይ የነበረውን ወፍራም የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወረድን። ዓይን ጨፍኖ ገልጦ ጣት ማሳረፍ ነው። እንደ ዳይስ ንፁህ እጣ አይደለም፣ ሰው መሀል መሀሉን መግለጥ ይወዳል፣ ግን ከስልክ ቁጥር ጋር ሚወዳደር አይደለም። ዋናው ጣታችሁ ያረፈበትን መውሰድ ነው፣ "ይሄ አያምርም ሌላ" ማለት ከጀመራችሁ እጣው ቀረ፣ መርጣችሁ ነው ማለት ነው፣ ሰው ሲመርጥ ደሞ ሁሉም ፍቅር፣ ሰላም፣ እናት ላይ ነው ሚያርፈው። የጋሼን አልነግራችሁም፣ ለምሳሌ ግን ሙቀጫ፣ ጎርፍ፣ ደብዳቤ፣ አጎዛ፣ ቅንድብ ወጣላችሁ እንበል። ሙቀጫውን ጎርፍ ወሰደው፣ ውስጡ ደብዳቤ ነበር፣ አጎዛ ላይ የተቀመጠ ባለ ትልቅ ቅንድብ ሰውዬ አነበበው ብላችሁ በሀሳባችሁ ሳሉት፣ በሁለተኛው ቀን አይጠፋችሁም። ይቺን ራሷን እንዳትወስዷት ብቻ፣ እዚህ ስለጻፍኳት ሞታለች።

ተረትና ምሳሌ፣ የዳዊት ጥቅስ፣ የዘፈን ግጥም አታርጉ። ድር ቢያብር ብላችሁ ስትጽፉ ረጅም ነው፣ ይመስላችኋል የማይሰበር፣ ግን ቀጥሎ ያለውን እኔም አውቀዋለሁ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እንዲህ ዓይነቱን ዓረፍተ ነገር ከኢንተርኔት ለቅሞ ሚሞክር ፕሮግራም አለ።

በፊደላችን ብንጽፈውስ ሚል ሰው አለ፣ ሀሳቡ ደስ ይላል፣ ግን ጎግል ራሱ አይቀበለውም፣ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና የተለመዱት ምልክቶች ብቻ ነው ሚፈቅደው። ቢቀበልም ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ከየት ታመጣላችሁ? ስለዚህ አማርኛውን በላቲን ትጽፉታላችሁ፣ ጣጣው እዚህ ጋ ይመጣል። ሙቀጫ ስትሉ ቀ በኪው ነው በኬ? ጫ በሲኤች ነው በሲ ብቻ? ቴሌግራም ላይ ስንጻጻፍ ሁላችንም እንደመጣልን ነው ምንጽፈው፣ ጠዋት በኬ የጻፈ ሰው ማታ በኪው ይጽፋል፣ ፓስወርድ ግን አያውቅም ይቅርታ። አንድ ጊዜ ወስኑ፣ ለምሳሌ ቀ ሁሌ በኪው፣ ጠ ሁሌ በቲ፣ እና ለሁሉም ፓስወርዳችሁ ያንኑ ተጠቀሙ። ሳይቱ ካፒታልና ቁጥር ካልሰጣችሁኝ ካለ የመጀመሪያውን ፊደል ካፒታል አርጉና ከሁለተኛው ቃል በኋላ አንድ ቁጥር ጣሉበት፣ አትጨነቁበት።

እንግዲህ ለያንዳንዱ አካውንት የተለየ ካላችሁ ሰላሳ ፓስወርድ ማን ያስታውሳል? ማንም፣ እኔም አላስታውስም። ጭንቅላቴ ውስጥ ያሉት ሶስት ናቸው፣ የስልኬ መክፈቻ፣ የኢሜሌና የፓስወርድ ማናጀሬ፣ ማለት ፓስወርዶቼን ሁሉ ቆልፎ ሚይዝልኝ አፕ። የቀረውን ማናጀሩ ራሱ ያወጣዋል፣ ትርጉም የሌለው ሃያ ፊደል፣ እኔ አይቼውም አላውቅ፣ ስገባ ራሱ ይሞላል። አንድሮይድ ያላችሁ የጎግሉ ስልካችሁ ውስጥ አለ፣ አይፎን ያላችሁ ከአይኦኤስ 18 ጀምሮ ፓስወርድስ ሚባል ለብቻው አፕ መጥቶላችኋል፣ ስልክና ኮምፒውተር ለሚያቀያይር ሰው ደሞ ቢትዋርደን በነፃው እንኳን ይበቃል፣ ኔት ሲጠፋ መቸገር ማይፈልግ ኪፓስኤክስሲን ይሞክር፣ ፋይሉ እናንተው ኮምፒውተር ላይ ነው ሚቀመጠው፣ ኮፒ መያዝ ግን የናንተ ሥራ ነው። "ሁሉን አንድ ቦታ ካስቀመጥኩ እሱ ቢሰበርስ?" ትሉኛላችሁ፣ ደህና ጥያቄ ነው፣ ላስትፓስ ሚባለው ማናጀር በ2022 ተሰብሮ የደንበኞቹ ፓስወርድ ያለበት ሳጥን እንደተቆለፈ ተሰርቋል። ዋና ፓስወርዱ ረጅም የሆነለት ሰው ሳጥኑ ቢወሰድም ለሌባው ብረት ነው፣ አጭር የነበረው ግን ይጨነቅ። አምስቱ ቃላት ሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።

አንድ ሌላ ጥቅም አለው ሰው ማያወራለት። ማናጀሩ ፓስወርዱን ሚሞላው ያስቀመጣችሁበት ሳይት ላይ ብቻ ነው፣ የባንካችሁን ገጽ አስመስለው ስሙ ላይ አንድ ፊደል ቀይረው የሰሩት ጋ ስትደርሱ ዝም ይላል። ዓይናችሁ ይሸወዳል፣ እሱ አይሸወድም። ዝም ካለ ቆም ብላችሁ ከላይ ያለውን አድራሻ ፊደል በፊደል አንብቡት።

ለጋሼ ግን ማናጀር አልጫንኩም። ደብተር ገዛን። አዎ ደብተር፣ ሃምሳ ሉክ። ሴኩሪቲ ሚያወሩ ሰዎች ወረቀት ላይ አትጻፉ ሲሉ እሰማለሁ፣ እሱ ቢሮ ሞኒተር ላይ ለሚለጥፍ ሰው ነው፣ ጋሼ ቁም ሳጥን ውስጥ ከካርታውና ከጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ጋር ያለን ደብተር የሩሲያ ሀከር አያገኘውም። ሚያስፈራኝ ሌላው ነው፣ ፓስወርድን ፎቶ አንስቶ ጋለሪ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ መላክ፣ ወይ ደሞ ፒኑን ኮንታክት ላይ "አበበ ባንክ" ብሎ እንደ ስልክ ቁጥር መመዝገብ፣ ስልክ ሚሰርቁት ልጆች መጀመሪያ ኮንታክት ውስጥ ባንክ ብለው ነው ሚፈልጉት።

ወደ ቴሌግራም ስንመጣ እዚህ ጋ ረዘም አርጌ ልንገራችሁ፣ በኛ ሰው ላይ ሲጠለፍ ካየሁት ሁሉ በብዛት እሱ ነው። ቴሌግራም ሲፈጠር ፓስወርድ የለውም፣ ቁጥራችሁንና አንድ ኮድ ብቻ ነው ሚጠይቀው፣ ኮዱን የሰጣችሁት ሰው ገባ ማለት ነው። አመጣጣቸው ደሞ ያምራል፣ ምታውቁት ሰው አካውንት ነው ሚጽፍላችሁ፣ እሱ ቀድሞ ተጠልፏል፣ "የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት በናትህ ቮት አርግላት" ይላል፣ ሊንኩን ስትነኩ ቁጥራችሁን ይጠይቃል፣ ቀጥሎ የመጣላችሁን ኮድ። ወይ ፕሪሚየም በስጦታ ተልኮልሃል ይላል። ኮዱ ሲመጣ እኮ እዛው መልዕክቱ ላይ ለማንም እንዳትሰጥ፣ ከቴሌግራም ነኝ ቢልህም እንዳትሰጥ ተብሎ ተጽፏል፣ ግን እንግሊዝኛ ስለሆነ ማንም አያነበውም፣ ሰው ቁጥሯን ብቻ ቀድቶ ይልካል።

መፍትሄው ሁለት ደቂቃ ነው። ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ውስጥ ገብታችሁ ፓስወርድ አውጡ፣ ከዛ በኋላ ኮዱ ሌላ ሰው እጅ ቢገባ እንኳን ፓስወርዱን ይጠይቀዋል። ሪከቨሪ ኢሜል ሲጠይቃችሁ ስኪፕ እንዳትሉ፣ ፓስወርዱን ረስታችሁ ኢሜል ከሌለ ወይ ቀናት ትጠብቃላችሁ ወይ አካውንቱን ከነቻቱ አጥፍታችሁ ትጀምራላችሁ። ሂንት ሚለው ላይ ራሱን ፓስወርዱን የጻፈ ሰው አይቻለሁ፣ ስም አልጠራም፣ ምሳ የጋበዙኝ ቤት ውስጥ ናቸው።

ኮድ ሰጥታችሁ ከነቃችሁስ? እዛው ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስስ በሉና የማታውቁትን አስወጡ፣ ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ ሚለውን ከነካችሁ ከያዛችሁት ስልክ ውጪ ሁሉንም ያስወጣል። ፍጠኑ ምላችሁ ለምን መሰላችሁ፣ ቴሌግራም አዲስ የገባ ሰው የመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ሌሎቹን እንዲያስወጣ አይፈቅድለትም፣ ስለዚህ ያቺ ቀን የናንተ ናት፣ ካለፈች እሱ እናንተን ያስወጣችኋል። "ነገ ኢንተርኔት ሳገኝ አየዋለሁ" ያለች የጓደኛዬ እህት በነጋታው በስሟ ብር ሲለመን አደረ።

ጂሜልና ፌስቡክ ላይም ሁለተኛውን መቆለፊያ፣ ያንኑ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን፣ አብሩት። ኮድ በኤስኤምኤስ ከምንም ይሻላል፣ ከቻላችሁ ግን ጎግል ኦተንቲኬተር ዓይነት አፕ ይሁን፣ በየ30 ሰከንዱ ሚቀያየር ስድስት አሃዝ ነው፣ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ሲም ቢጠፋ ወይ ሀገር ብትቀይሩ ግድ የለውም። ይሄን ስታበሩ ጎግል ላይ ባካፕ ኮድ ሚባሉ፣ ስልኩ ሲጠፋ ሚያስገቡ አስር ኮዶች ማውጣት ትችላላችሁ፣ ፕሪንት አርጋችሁ ደብተሩ ውስጥ አስቀምጡ። ስልኩ ውስጥ ብቻ አስቀምጦ ስልኩን የተሰረቀ ሰው ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደዘጋ ነው።

ፒን ላይ ብዙ አልልም። የልደት ዓመት ከሆነ ሌባው መታወቂያችሁን ማየት ብቻ ነው ሚበቃው፣ ቦርሳ ሲሰረቅ መታወቂያና ስልክ አብሮ ነው ሚሄደው። በኛ አቆጣጠር ነው ያረኩት አትበሉኝ፣ ሌባውም ሀበሻ ነው። የቴሌብር ፒንና የስልክ መክፈቻ አንድ አይሁን። "በስህተት ብር ልኬልህ ነው፣ የመጣልህን ቁጥር ንገረኝ" ሚል ከደወለ ዝጉት፣ ከባንክ ነኝ ብሎ ፒን ሚጠይቅም የባንክ ሰው አይደለም። ሱቅ ውስጥ ስትከፍሉ ልጁ ስልኩን ስጡኝ እኔ ላስገባላችሁ ቢላችሁ አመስግናችሁ ራሳችሁ አስገቡ፣ ቅር ይበለው።

ስልክ ጥገና ስትሰጡ ፓተርናችሁን ወረቀት ላይ ስለውላችሁ ይለጥፉበታል፣ ሚሰራው ስክሪን ብቻ ከሆነ ፓተርን አያስፈልገውም፣ እዛው ቆማችሁ አሰርታችሁ ውሰዱ። ስትሸጡ ደሞ መጀመሪያ ጎግል አካውንቱን ከስልኩ አውጡ ከዛ ሪሴት፣ እኔ አንዴ ሳላወጣ በስልኩ ሪከቨሪ ሞድ በኩል፣ ሴቲንግስ ሳልገባ፣ ሪሴት አርጌ ሸጬ ገዢው ከሶስት ቀን በኋላ ደወለ፣ ስልኩ የድሮውን ባለቤት አካውንት ካላስገባህ አልከፈትም ብሎታል፣ "ወንድሜ ፓስወርድህን በቴክስት ላክልኝ" ይለኛል። መገናኛ ድረስ ሄጄ ከፈትኩለት።

የጋሼ ነገር እስከ ማታ ፈጀ። ኢሜሉ ተቀየረ፣ ቴሌግራም ተቆለፈ፣ የቴሌብሩ ዓመት ወጣ፣ ደብተሩ ተሞልቶ ቁም ሳጥን ገባ። ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ እያለሁ ደወሉ።

"ልጄ፣ ያቺ ሁለተኛዋ ቃል ላይ ቀ በኪው ነው ወይስ በኬ ነው ያልከኝ?"

"ጋሼ በስልክ አይናገሩ፣ ደብተሩን አውጥተው ይዩት እንጂ።"

"አይቼዋለሁ እኮ። በአማርኛ ነው የጻፍኩት።"